ካሎሪ ስንት ነው? የሙቀት መለኪያዎችና ብያኔያቸው

በ1988 ዓ.ም. በአገራችን የድህነት መስመር ሲሰመር መነሻ የሆነው ቁጥር 2,200 ነበር። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበትን ምግብ ለመሸመት የሚያስፈልገው ገንዘብ ተሰላ፤ ምግብ ላልሆኑ መሠረታዊ ፍላጎቶች የሚውል ወጪ ተጨመረበት፤ ከዚያ ድምር በታች የሚያወጣ ሰው ከድሆች ወገን ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ድህነት ጨመረ ወይም ቀነሰ የተባለው በዚሁ መነሻ ላይ ቆሞ ነው። ሚሊዮኖች በዚህ ወይም በዚያ ጎራ የተመደቡበት ቁጥር የተጻፈው እንግዲህ በሙቀት መለኪያ ነው።

ለመሆኑ አንድ ካሎሪ ስንት ነው? ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ደብተራችን የምናስታውሰው መልስ አለ፦ አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ የሚያስፈልግ ሙቀት ነው። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ነው። የትኛውን አንድ ዲግሪ? ከ0 ወደ 1 የሚወስደውን፣ ከ14.5 ወደ 15.5 የሚወስደውን ወይስ ከ99 ወደ 100 የሚወስደውን? በየትኛው የአየር ግፊት? ደግሞስ ግራም ወይስ ኪሎ ግራም? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በመካከሉም «ሙቀት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የነበራቸው መልስ ከሥሩ ተለውጧል። ታሪኩን ተራ በተራ እናየዋለን። (ከላይ ከጠቀስነው 1988 በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በረዶ እንደ ሚዛን

ሙቀትና መጠነ ሙቀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እሳት ውስጥ ገብቶ የቀላ 5 ግራም ሚስማርና ለብ ያለ አንድ ሊትር ውሃ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንበል። ቴርሞሜትር ቢጠየቅ የሚስማሩን ትኩስነት ይመሰክራል። ነገር ግን ሚስማሩ ከ600 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ እስኪበርድ ድረስ የሚለቀው ሙቀት 500 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ለብ ያለው ውሃ ግን ከ40 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 20,000 ካሎሪ ይለቃል። ቴርሞሜትር የሚነግረን የትኩስነትን ደረጃ እንጂ የሙቀትን ብዛት አይደለም።

ይህን ልዩነት አጥርቶ ያስተማረው በ1760ዎቹ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ብላክ ነው። በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት እየወሰደ ሳለ መጠነ ሙቀቱ ከዜሮ ፈቀቅ እንደማይል አስተዋለ። ቴርሞሜትሩ የማያየውን ይህን ሙቀት ስውር ሙቀት አለው። ዛሬ አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 80 ካሎሪ ያህል እንደሚያስፈልግ እናውቃለን፤ ያው ሙቀት ውሃውን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ሊያደርሰው ይችል ነበር።

የቀለጠው በረዶ ብዛት የሙቀትን ብዛት የሚናገር ከሆነ በረዶን ሚዛን ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ላቯዚየና ላፕላስ ከ1782 ወደ 1783 በተሻገረው ክረምት በፓሪስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ የጋለ ብረት፣ የሚነድ ከሰል፣ በመጨረሻም ጊኒ ፒግ የምትባለውን አይጥ መሰል እንስሳ አስቀመጡ፤ ቀልጦ የወረደውንም ውሃ መዘኑ። እንስሳዋ በመተንፈሷ ብቻ በረዶ ስታቀልጥ ሲያዩ መተንፈስ አዝጋሚ ቃጠሎ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ምግብና ከሰል በአንድ መለኪያ መለካት የጀመሩት ከዚህ ሙከራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ላቯዚየ ሙቀትን ይቆጥር የነበረው እንደ ቁስ ነው። በ1789 ባሳተመው የ33 ንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ውስጥ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር «ካሎሪክ» የሚባል፣ ክብደት የሌለው፣ ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ የሚፈስ ፈሳሽ አስፍሯል። ስሙ ከላቲኑ «ካሎር» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሙቀት ነው። ንጥረ ነገሩ ፈጽሞ እንደሌለ በኋላ ታውቋል፤ የስሙ ዘር ግን ዛሬም በብስኩት መጠቅለያ ላይ ታትሞ እናገኘዋለን።

በሺህ እጥፍ የተለያዩ ሁለት ካሎሪዎች

«ካሎሪ» የሚለውን ቃል በመለኪያነት ያስተማረው ኒኮላ ክሌማን ነው፤ ከ1819 እስከ 1824 ባሉት ዓመታት በፓሪስ ስለ እንፋሎት ሞተሮች በሚሰጠው ትምህርት። የእርሱ ካሎሪ አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ነበር፤ የእንፋሎት ሞተር ማሞቂያ ለሚሠራ ሰው ግራም ምን ይጠቅመዋል? በ1852 ፋቭርና ዚልበርማን የተባሉ ኬሚስቶች ደግሞ ያንኑ ቃል ወስደው ለአንድ ግራም ውሃ አዋሉት። አንድ ስም፣ አንዱ የሌላው ሺህ እጥፍ የሆነ ሁለት መጠን ተፈጠረ።

ቤርትሎ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1879 መፍትሔ አቀረበ፦ የኪሎ ግራሙ ካሎሪ በላቲኑ ትልቅ ፊደል ይጀምር፣ የግራሙ በትንሹ። በወቅቱ ብልህነት ይመስል ነበር። ነገር ግን ትልቅ ፊደል በንግግር አይሰማም፤ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያም ማንኛውም ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል። በእኛ ዘንድ ነገሩ ይብሳል፤ የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይምና ልዩነቱ በአማርኛ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች «ኪሎ ካሎሪ» ብለን ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለንም። «አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ ያስፈልገዋል» የሚል ጽሑፍ በደብተራችን ብያኔ ከተተረጎመ የሚመክረው ግማሽ ግራም ስኳር መላስን ነው።

ሙቀት ፈሳሽ ካልሆነስ?

ካሎሪክ ቁስ ከሆነ ከአንድ ዕቃ ተጨምቆ ሲወጣ ሊያልቅ ይገባል። ረምፈርድ በሙኒክ የመድፍ ፋብሪካ በፈረስ በሚዞር ደነዝ መሰርሰሪያ መድፍ አስቦረቦረና ብረቱን የከበበው ውሃ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሲፈላ ተመልካቹ ተደነቀ። እሳት አልነበረም፤ ፈረሶቹ እስከዞሩ ድረስም ሙቀቱ አያልቅም። በ1798 ባቀረበው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ማለቂያ የሌለው ነገር ቁስ ሊሆን እንደማይችል፣ እንቅስቃሴ ሊሆን እንደሚገባ ተከራከረ።

ክርክር ግን ቁጥር አይደለም። ቁጥሩን ያመጡት ሁለት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ማየር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1840 ወደ ጃቫ በሄደች መርከብ ላይ ሲያገለግል ከመርከበኞቹ የሚቀዳው የደም ሥር ደም ካሰበው በላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። በሞቃት አገር አካል ራሱን ለማሞቅ የሚያቃጥለው ስለሚያንስ ደሙ ብዙ ኦክስጅን ይዞ ይመለሳል ብሎ አሰበ፤ ከዚህም ተነስቶ ሥራና ሙቀት አንዱ ወደ ሌላው በቋሚ ምጣኔ ይለወጣሉ ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። በ1842 ያወጣው ቁጥር አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ማሞቅ ያንኑ ክብደት 365 ሜትር ከፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው የሚል ነበር። ትክክለኛው 427 ሜትር ያህል ነው።

ሁለተኛው ሰው ከማንቸስተር የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ የተወለደው ጄምስ ጁል ነው። ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ክብደቶች ሲወርዱ በውሃ የተሞላ ዕቃ ውስጥ ያሉ ቅዘፊያዎች ይዞራሉ፤ ውሃው በፍትጊያ ይሞቃል፤ የወረደው ክብደትና የጨመረው መጠነ ሙቀት ይነጻጸራል። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የሚለካው ሙቀት ግን ከዲግሪ ጥቂት ክፍልፋይ ስለማይበልጥ ወደ ዕቃው የሚጠጋው ሰው የሰውነት ሙቀት እንኳ ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል። ጁል በ1850 ያሳወቀው ውጤት 772 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ሲወርድ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ያሞቃል የሚል ነው። የዛሬው ቁጥር 778 ነው። ስህተቱ አንድ በመቶ አይሞላም፤ ከእንጨት፣ ከነሐስና ከገመድ ለተሠራ መሣሪያ ይህ የሚያስገርም ነው።

ጁል ያንኑ ምጣኔ በፏፏቴ ላይ ሊፈትነው ይፈልግ ነበር። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊሊያም ቶምሰን በ1847 በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ጁልን በጫጉላ ጉዞው ላይ ቴርሞሜትር ይዞ ሲሄድ እንዳገኘው ተርኳል። የፏፏቴው ውሃ እየተበተነ ወደ ጉም ስለሚለወጥ ልኬቱ አልሠመረም። ስሌቱን ለእኛው ጢስ ዓባይ ብንሠራውስ? ውሃው 45 ሜትር ያህል ይወርዳል ብንል፣ 45 ለ427 ሲካፈል 0.1 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ያ ሁሉ ነጎድጓድ ውሃውን የሚያሞቀው፣ በትነትና በአየር የሚጠፋውን ትተን፣ በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ጥቂት ሙቀት ብዙ ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

ውሃ ራሱ ይለዋወጣል

ሥራና ሙቀት አንድ ዓይነት ኢነርጂ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። በ1879 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ሄንሪ ሮውላንድ የጁልን ሙከራ በተሻለ መሣሪያ ደገመውና የውሃው ሙቀት የመያዝ አቅም ከዲግሪ ወደ ዲግሪ እንደሚለያይ አገኘ። ውሃ ከዜሮ ጀምሮ ሲሞቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከሆነ ቦታ በኋላ ተመልሶ ይጨምራል። በዛሬ ልኬት አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ በዜሮ አካባቢ 4.22 ጁል፣ በ35 ዲግሪ አካባቢ 4.18 ጁል፣ በ100 ዲግሪ አካባቢ እንደገና 4.22 ጁል ገደማ ይጠይቃል። የውሃ ሞለኪዩሎች እርስ በርስ በሃይድሮጅን ትስስር የተያያዙ ስለሆኑ ከምንሰጣቸው ሙቀት ከፊሉ ይህን ትስስር ለማላላት ይውላል፤ የሚላላው መጠን ደግሞ በየዲግሪው አንድ ዓይነት አይደለም።

ልዩነቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ለገበያ ሚዛን ምንም አይደለም፤ ለመለኪያ ብያኔ ግን የሜትር እንጨት እንደየሰዓቱ ይረዝማል ይጥራል እንደማለት ነው። ስለዚህ ካሎሪዎቹ ተባዙ። ከ14.5 እስከ 15.5 ዲግሪ የሚለካው «የ15 ዲግሪ ካሎሪ» 4.1855 ጁል ነው፤ የ20 ዲግሪው 4.182። ከ0 እስከ 100 ያለው ሙቀት ለመቶ ተካፍሎ የተገኘው «አማካይ ካሎሪ» 4.190 ገደማ ነው። ኬሚስቶች በበኩላቸው ውሃውን ትተው ካሎሪያቸው ልክ 4.184 ጁል ይሁን አሉ፤ የእንፋሎት ሠንጠረዥ የሚያዘጋጁ መሐንዲሶች ደግሞ በ1956 በለንደን ባደረጉት ጉባኤ የራሳቸውን በ4.1868 ወሰኑ። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ የካሎሪ ስም የያዙ ጁሎች ናቸው ማለት ይቻላል።

አማካይ ካሎሪ በመደበኛ የባሕር ወለል ግፊት የሚፈላን ውሃ እንደሚጠይቅ ልብ እንበል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለቤተ ሙከራችን የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በትምህርት ቤት ከሚሠሩት ሙከራዎች አንዱ የብረት ቁራጭን በሚፈላ ውሃ አሙቆ በካሎሪሜትር ውስጥ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ነው። መጽሐፉ «የብረቱ መጠነ ሙቀት 100 ዲግሪ ነው» ይላል። የመጨረሻው ድብልቅ 25 ዲግሪ ቢሆን ተማሪው ብረቱ በ75 ዲግሪ ቀዘቀዘ ብሎ ያሰላል፤ የቀዘቀዘው ግን በ67 ብቻ ነው። አሉሚኒየም ከሆነ በግራም በዲግሪ 0.215 ካሎሪ መውጣት የነበረበት 0.19 ይሆናል፤ ከአሥር በመቶ በላይ ስህተት። ይህ ተማሪ ጥፋቱን በሙቀት ብክነት ላይ ሊያላክክ ይችላል። ቴርሞሜትሩን በሚፈላው ውሃ ውስጥ ቢነክረው ኖሮ ግን ምክንያቱን ያገኘው ነበር።

ጁል ሲተካ

ለሙቀትና ለሥራ አንድ መለኪያ ይበቃል፣ ስሙም ጁል ይባል የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው በ1882 ዊሊያም ሲመንስ ነው። የክብደትና የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ በ1948 ባደረገው ዘጠነኛ ስብሰባው የሙቀት መጠን አሃድ ጁል መሆኑን ወሰነ፤ የካሎሪሜትር ሙከራዎች ውጤትም በተቻለ መጠን በጁል እንዲገለጽ ጠየቀ። አንድ ጁል አንድ ኒውተን ጉልበት አንድን ነገር በአንድ ሜትር ሲያንቀሳቅስ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በኤሌክትሪክ ቋንቋ የአንድ ዋት ማሞቂያ በአንድ ሴኮንድ የሚሰጠው ሙቀት። በብያኔው ውስጥ ውሃ የለም።

ሌሎቹ መለኪያዎች ግን ከገበያ አልወጡም። በድሬዳዋ ወይም በሰመራ የአየር ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው «12 ሺህ ቢቲዩ» ሲባል ይሰማል። ቢቲዩ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት የሚያሞቅ የእንግሊዞች መለኪያ ሲሆን 1,055 ጁል ያህል ነው። ሻጩ ግን «በሰዓት» የሚለውን ቃል ዘሎታል፤ ትክክለኛው 12,000 ቢቲዩ በሰዓት፣ ማለትም 3,500 ዋት ገደማ ሙቀት ከክፍሉ የማውጣት አቅም ነው። ይህ አቅም አንድ አሜሪካዊ ቶን በረዶን በ24 ሰዓት ከማቅለጥ ጋር እኩል ስለሆነ በሙያው «አንድ ቶን» ይባላል። የላቯዚየ በረዶ ከ240 ዓመት በኋላም ሚዛን ላይ እንዳለ ነው።

በመብራት ሒሳባችን ላይ ያለው ኪሎ ዋት ሰዓትም የኢነርጂ መለኪያ ነው፤ 3.6 ሚሊዮን ጁል ወይም 860 ኪሎ ካሎሪ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃን፣ ምንም ሙቀት ካልባከነ፣ በ43 ዲግሪ ያሞቃል። በመነሻችን ያየነው 2,200 ኪሎ ካሎሪ በዚሁ ቆጣሪ ሲቆጠር 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለ24 ሰዓት ብናካፍለው 107 ዋት ነው፤ አንድ አዋቂ ሰው ሌትና ቀን እንደበራ የድሮ ባለ 100 ሻማ አምፖል መሆኑ ነው።

ታዲያ የዚያ ቁጥር እርግጠኝነት የሚወሰነው በየትኛው ካሎሪ ነው? በኬሚስቶቹና በአማካይ ካሎሪ መካከል ያለው ልዩነት ከ2,200 ላይ የሚለውጠው 3 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው፤ የአንድ ጉርሻ ክፍልፋይ። ትልቁ ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮቲን በኦክስጅን በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ሲቃጠል በግራም 5.6 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ በሰው አካል ውስጥ ግን ከፊሉ በሽንት በዩሪያ መልክ ስለሚወጣ፣ ከፊሉም ስለማይፈጭ፣ የሚቆጠረው 4 ነው። ለፕሮቲን 4፣ ለካርቦሃይድሬት 4፣ ለስብ 9 የሚሉት የታወቁ ቁጥሮች አሜሪካዊው አትዋተር ከሠራቸው ሙከራዎች የተገኙና የተጠጋጉ አማካዮች ናቸው። የአንድ ምግብ ኪሎ ካሎሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በእነዚህ ተባዝቶ ነው እንጂ ምግቡ ተቃጥሎ አይደለም። ቃጫው የበዛ እህልና የተፈተገ ዱቄት በሆድ ውስጥ እኩል አይፈጩምና ስሌቱ ከእውነቱ በጥቂት በመቶዎች ሊርቅ ይችላል፤ አንድ ሰው ከመስመሩ በላይ ወይም በታች እንዲውል ይህ ይበቃል።

በመጨረሻ የመጣው ለውጥ የሙቀትንና የመጠነ ሙቀትን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ከ1954 ጀምሮ የመጠነ ሙቀት አሃድ የሆነው ኬልቪን የሚበየነው በረዶ፣ ውሃና እንፋሎት በአንድነት በሚገኙበት ነጥብ ነበር፤ ያ ነጥብ 273.16 ኬልቪን ይሁን ተብሎ። ከግንቦት 20 ቀን 2019 ወዲህ ግን ኬልቪን የሚበየነው የቦልትዝማን ቋሚ የተባለውን ቁጥር በመወሰን ነው፤ ይህ ቁጥር ለአንድ ኬልቪን ስንት ጁል እንደሚመደብ ይናገራል። ቀድሞ ኢነርጂን የምንለካው የውሃን ዲግሪ ቆጥረን ነበር፤ አሁን ዲግሪው ራሱ በጁል ይበየናል። 273.16 የሚለው ቁጥርም ከእንግዲህ በሙከራ እየተለካ የሚረጋገጥ፣ እንደማንኛውም ልኬት ጥቂት የስህተት ወሰን ያለው ውጤት ሆኗል።